ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላና የሕይወት ዓላማ ፍለጋ



በየቁምስናው ስንዘዋወር ደጋግሞ የሚገጥመን አንድ ጥያቄ አለ። ትምህርቱን የጨረሰው ወጣት ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን ይጠይቀናል። ሥራውን ያጣው አባወራ ለምን እንደሚኖር ግራ ይገባዋል። ልጆቿን አሳድጋና ድራ ብቻዋን የቀረችው እናት ከእንግዲህ ለማን እንደምትጠቅም ታስባለች። ጥያቄው በተለያየ አንደበት ይቅረብ እንጂ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር እኔን የፈጠረኝ ለምንድን ነው የሚል ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ ሁላችንም በልጅነታችን በትምህርተ ክርስቶስ ተምረነዋል፤ በቃላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን በቃል የምናውቀው መልስ ወደ እያንዳንዳችን ኑሮ ገብቶ መንገዳችንን የሚያሳየን እንዴት ነው?

በዚህ ዕትማችን የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላን ሕይወት ልናቀርብላችሁ የወደድነው ስለዚህ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው የአንድ ታላቅ ማኅበር መሥራች በመሆኑ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናስታውሰው የፈለግነው ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለምን እንደሚኖር ያላወቀ፣ ካወቀም በኋላ የመረጠው መንገድ ደጋግሞ የተዘጋበት ሰው እንደ ነበረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቤተ መንግሥት ሰው

ኢግናጥዮስ በ1491 ዓ.ም. በሰሜን ስፔን፣ ባስክ በሚባለው ተራራማ አገር፣ በሎዮላ ግንብ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። መጀመሪያ የተጠራበት ስም ኢኒጎ ሲሆን፣ ከአሥራ ሦስት ልጆች የመጨረሻው እንደ ነበረ ይነገራል። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ስላረፈች ጡት ያጠባችው በአቅራቢያው የምትኖር የብረት ቀጥቃጭ ሚስት ነበረች።

በወጣትነቱ የካስቲልያ ንጉሥ ግምጃ ቤት ኃላፊ ወደ ነበረ አንድ ታላቅ ሹም ቤት ተልኮ አደገ። በዚያም ደብዳቤ መጻፍን፣ ሰይፍ መምዘዝን፣ ከመኳንንት ጋር መቀመጥንና መናገርን ተማረ። ልብሱ ያማረ፣ ጠጉሩ የተንከባከበ፣ ለክብሩ ቀናተኛ፣ ለጠብም ፈጣን ወጣት ነበር። ሃይማኖቱን አልካደም፤ ሆኖም ሃይማኖቱ ኑሮውን አይመራውም ነበር። የሚመኘው በጦር ሜዳ ስመ ጥር መሆንንና በአንዲት ታላቅ እመቤት ፊት ሞገስ ማግኘትን ነበር። ጌታው በ1517 ከሥልጣኑ ከወደቀ በኋላ የናቫራ አገረ ገዥ ለነበሩት መስፍን አገልጋይ ሆነ።

በ1521 የፈረንሳይ ጦር የፓምፕሎናን ከተማ ከበበ። ብዙዎች ምሽጉን አሳልፎ መስጠት ይሻላል ብለው ሲመክሩ፣ ኢኒጎ ግን እስከ መጨረሻው እንዲዋጉ ጓደኞቹን አደፋፈረ። በግንቦት 20 ቀን የመድፍ አረር መጥቶ ቀኝ እግሩን ሰበረው፤ ግራ እግሩንም አቆሰለው። እርሱ በወደቀ ጊዜ ምሽጉ እጁን ሰጠ። ፈረንሳውያኑ ጀግንነቱን አክብረው ካከሙት በኋላ በቃሬዛ ወደ ሎዮላ ላኩት።

የተሰበረው እግርና ሁለቱ መጻሕፍት

በቤቱ ሐኪሞች አጥንቱ በትክክል አለመገጠሙን አይተው እንደገና ሰብረው አስተካከሉት። ሕመሙ ጸንቶ ለሞት ቀረበ፤ ምሥጢራትንም ተቀበለ። በቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ዋዜማ ሌሊት ግን ተሻለው። ከዳነ በኋላ ከጉልበቱ በታች አንድ አጥንት አብጦ ወጥቶ ስላገኘው፣ ጠባቡን የመኳንንት ጫማ ማድረግ እንደማይችል በማሰብ አጥንቱ እንዲቆረጥ አዘዘ። ማደንዘዣ ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ለመልኩ ሲል ብቻ፣ እጁን ጨብጦ ያለ ጩኸት ያንን ሥቃይ ታገሠ። ሰው ለከንቱ ነገር ምን ያህል ዋጋ ሊከፍል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። ያ የጸና ፈቃድ በኋላ ለእግዚአብሔር የተሰጠው ራሱ ነው።

እግሩ እስኪድን ድረስ ወራት በአልጋ ላይ መቆየት ግድ ሆነበት። ጊዜውን ለማሳለፍ የፈረሰኞችን ጀብዱ የሚተርኩ መጻሕፍት እንዲያመጡለት ጠየቀ፤ በቤቱ ግን አንድም አልተገኘም። የተገኙት የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል የያዙ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። ሌላ ስላልነበረ እነርሱን አነበበ።

ማንበቡን ሲያቋርጥ ሁለት ዓይነት ሐሳቦች ይፈራረቁበት ነበር። አንዳንድ ጊዜ ስለዚያች እመቤት፣ እርሷን ለማስደሰት ስለሚሠራው ጀብዱ ለሰዓታት ያልማል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቅዱስ ፍራንቸስኮስና ቅዱስ ዶሚኒኮስ የሠሩትን እርሱም ቢሠራ፣ በባዶ እግሩ ወደ ኢየሩሳሌም ቢሄድ ምን እንደሚሆን ያስባል። በሚያስብበት ጊዜ ሁለቱም ደስ ያሰኙት ነበር። ልዩነቱ የሚታየው በኋላ ነው። የዓለሙ ምኞት ሲያልፍ ልቡን ደረቅና ቅር የተሰኘ አድርጎ ይተወዋል፤ የቅዱሳኑ ሐሳብ ግን ካለፈም በኋላ ደስታና ሰላም ጥሎለት ይሄዳል። መጀመሪያ ይህንን ልብ አላለውም። አንድ ቀን ግን ዓይኑ ተከፈተና አንዱ ሐሳብ ከእግዚአብሔር፣ ሁለተኛው ከክፉው መንፈስ እንደሚመጣ ማስተዋል ጀመረ።

ውድ አንባብያን፤ የዚህ ቅዱስ ትምህርት ሁሉ መነሻ ይህች ትንሽ ማስተዋል ናት። ከሰማይ ድምፅ አልሰማም፤ መልአክም ተገልጦ ዓላማህ ይህ ነው አላለውም። በልቡ የሚያልፈውን ነገር ተመለከተ፤ የሚቀረውን ሰላም ከሚጠፋው ደስታ ለየ። ይህንን ማድረግ የታመመም፣ ያልተማረም፣ ሽማግሌም ይችላል።

ከመጻሕፍቱም ያስደነቀውን እየመረጠ በጥሩ እጅ ጽሕፈት መገልበጥ ጀመረ። የጌታችንን ቃላት በቀይ፣ የእመቤታችንን በሰማያዊ ቀለም እየጻፈ ወደ 300 የሚጠጋ ቅጠል ሞላ። የአገራችን ጸሐፍት ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም እንደሚያከብሩ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሞንሰራትና ማንሬሳ

በ1522 መጀመሪያ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ በበቅሎ ተቀምጦ ከቤቱ ወጣ። በመንገዱ ላይ በምትገኘው በሞንሰራት የእመቤታችን ገዳም ሦስት ቀን የወሰደ የዕድሜ ልክ ኑዛዜ ተናዘዘ። በቅሎውን ለገዳሙ ሰጠ፤ ያማረ ልብሱን ለአንድ ለማኝ አለበሰው፤ ሰይፉንና ጩቤውን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ የማቅ ልብስ ለብሶ በበዓለ ብሥራት ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞና ተንበርክኮ አደረ። በማግስቱ ያ ለማኝ ልብሱን ሰርቀሃል ተብሎ መያዙን በሰማ ጊዜ አለቀሰ፤ የመጀመሪያው ምጽዋቱ በድኻው ላይ መከራ አምጥቶበታልና።

ከዚያም ማንሬሳ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወረደ። ጥቂት ቀን ሊቆይ ያሰበው ወደ አሥራ አንድ ወር የሚጠጋ ሆነ። እየለመነ ይበላ፣ በቀን ሰባት ሰዓት ይጸልይ፣ ድውያንን ያገለግል ነበር። ቀድሞ ይኮራበት የነበረውን ጠጉሩን ሳያበጥር፣ ጥፍሩንም ሳይቆርጥ ተወው።

ይሁን እንጂ ሰላሙ አልቆየም። የተናዘዘውን ኃጢአት ደግሞ ደጋግሞ እየተናዘዘ፣ ምናልባት የረሳሁት አለ እያለ ኅሊናው ያስጨንቀው ጀመር። ጭንቀቱ እየበረታ ሄዶ ሕይወቱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋ ፈተና ደረሰበት። ይህን የምንጽፈው ካህናትም መምህራንም እንዲያስቡበት ነው። ቅዱሳንም እንዲህ ካለ ጨለማ ያልፋሉ፤ በእንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው እምነት ጎድሎታል ተብሎ ሊወቀስ ሳይሆን፣ አጠገቡ ሰው ሊቆምለትና እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሐኪምም ሊወሰድ ይገባዋል። ኢግናጥዮስ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይበላ ሳይጠጣ ጾመ፤ ንስሐ አባቱ እንዲበላ ባዘዙት ጊዜ ግን ታዘዘ። በመጨረሻም ይህ ጭንቀት ከመልካም መንፈስ አለመምጣቱን ተረድቶ ያለፈውን ኃጢአት እንደገና ላለመናዘዝ ወሰነ፤ ነጻም ወጣ።

ከዕለታት አንድ ቀን በካርዶኔር ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃውን ቁልቁል ሲመለከት ሳለ ስለ እምነትና ስለ ፍጥረት ታላቅ ብርሃን በአእምሮው በራለት። ራእይ አላየም፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር አዲስ መስሎ ታየው። በሕይወቱ ዘመን ሁሉ የተቀበለው ጸጋ ቢደመር ያችን ሰዓት እንደማያህል በሽምግልናው መስክሯል። መንፈሳዊ ልምምድ የተባለችውን፣ እስከ ዛሬ በየሱባዔው የምታገለግለንን ትንሽ መጽሐፍ መጻፍ የጀመረው በማንሬሳ ነው።

የተዘጋው በር

አሁን ዓላማውን ያገኘ መሰለው። ጌታችን በተወለደበት፣ ባስተማረበትና በተሰቀለበት ምድር እስከ ሞቱ ድረስ ኖሮ ነፍሳትን መርዳት ፈለገ። ገንዘብ ሳይዝ በመርከብ ወደ ኢጣልያ ተሻገረ፤ በ1523 በመስከረም 4 ቀን ኢየሩሳሌም ገባ። ደስታው ወሰን አልነበረውም።

ቅዱሳት ቦታዎችን የሚጠብቁት የፍራንቸስካውያን አለቃ ግን በዚያ እንዲቀር አልፈቀዱለትም። ከእርሱ በፊት ሊቀሩ የሞከሩ አንዳንዶች ተገድለዋል፤ የተማረኩትንም ለማስለቀቅ ብዙ ገንዘብ ወጥቷል። ኢግናጥዮስ ሞትን እንደማይፈራ ቢነግራቸውም፣ አለቃው ካልታዘዘ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ሊለዩት የሚያስችል ሥልጣን ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንዳላቸው ገለጡለት። በዚህን ጊዜ የሥልጣኑን ደብዳቤ ማየት እንኳ ሳይፈልግ ታዘዘ።

ከመሄዱ በፊት ግን ብቻውን ተሰውሮ ወደ ደብረ ዘይት ወጣ። የጌታችን የእግሩ አሻራ ይገኝበታል የሚባለውን ድንጋይ ለማየት ለጠባቂዎቹ ሰንጢውን ሰጣቸው። ጥቂት ከራቀ በኋላ ቀኝ እግሩ በየት በኩል፣ ግራ እግሩ በየት በኩል እንደ ነበረ በደንብ አለማየቱ ትዝ አለው፤ ተመልሶ መቀሱን ሰጥቶ እንደገና ገባ። ሲፈልጉት የቆዩት ሰዎች አግኝተው ተቆጡት፤ ክንዱንም ይዘው እየጎተቱ መለሱት። በኢየሩሳሌም የቆየው ወደ ሃያ ቀን ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኢግናጥዮስ የዓለምን ክብር ትቷል፤ የመረጠው ነገር ቅዱስ ነው፤ ስለ እርሱም ጸልዮአል፣ ተርቧል፣ ባሕር ተሻግሯል። ሆኖም በሩ ተዘጋ፤ የዘጋችውም ጠላት ሳትሆን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ብዙዎቻችን ተስፋ የምንቆርጠው ክፉ ምኞታችን ሲከለከል አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ልናደርገው ያሰብነው መልካም ነገር ሲከለከል ነው። ወደ ምንኵስና ሊገባ ፈልጎ በጤናው ምክንያት የተመለሰ፣ ለማገልገል ተነሥቶ ቤተሰቡን እንዲጦር የተገደደ ሰው ይህን ያውቃል። ኢግናጥዮስ በመርከብ ሲመለስ በልቡ የያዘው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይኸውም ከእንግዲህ ምን ላድርግ የሚል ነው። ከዚህም ጥያቄ ያሰበው ቦታ እንጂ ዓላማው እንዳልተከለከለ ተረዳ። ዓላማው ነፍሳትን መርዳት ነው፤ ነፍሳት ደግሞ በኢየሩሳሌም ብቻ አይገኙም። ነፍሳትን ለመርዳት ግን መማር ያስፈልጋል።

ከሕፃናት ጋር በአንድ ወንበር

ስለዚህ በ33 ዓመቱ በባርሴሎና ከትንንሽ ልጆች ጋር ተቀምጦ የላቲን ሰዋስው መማር ጀመረ። የላቲኑን ግስ በቃሉ ለመያዝ ሲሞክር ጥልቅ መንፈሳዊ ሐሳቦችና ደስታዎች ይመጡበትና ትምህርቱን ያስረሱት ነበር። በጸሎትና በቅዳሴ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ብርታት አይመጣለትም። በሎዮላ የተማረው መለየት እዚህ ጠቀመው፤ ከግዴታው የሚያስተጓጉለው ደስታ መንፈሳዊ ቢመስልም ፈተና መሆኑን ዐወቀ። መምህሩንም ጠርቶ እንጀራና ውሃ እስካገኘ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት እንደማይቀር ቃል ገባለት።

ከዚያም በአልካላና በሳላማንካ ተማረ። ሳይማርና ካህን ሳይሆን ሰዎችን ስለ መንፈሳዊ ነገር በማስተማሩ ተጠርጥሮ በሁለቱም ከተሞች ታሰረ። ጥፋት አልተገኘበትም፤ ትምህርቱን እስኪፈጽም ድረስ ግን ስለ ኃጢአት ደረጃ እንዳያስተምር ተከለከለ። ይህንንም ተቀብሎ በ1528 ወደ ፓሪስ በእግሩ ተጓዘ። በፓሪስ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ የማስተርነት ማዕረግ አገኘ።

በዚያ ከሁለት ወጣቶች ጋር በአንድ ክፍል ኖረ። አንዱ በልጅነቱ በግ ጠባቂ የነበረው ቅዱስ ጴጥሮስ ፋቭር፣ ሁለተኛው ማዕረግን ይመኝ የነበረው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዛቪየር ናቸው። ጴጥሮስ በኅሊና ጭንቀት ይሠቃይ ስለ ነበር የማንሬሳው መከራ እርሱን ለመርዳት ጠቀመ። ፍራንቸስኮስ ግን ለረጅም ጊዜ አልበገርም ብሎ ነበር። በነሐሴ 15 ቀን 1534 ሰባት ጓደኞች በሞንማርትር ኮረብታ ተሰብስበው፣ ከመካከላቸው ካህን የነበረው ጴጥሮስ ብቻ ስለ ነበር እርሱ ቀድሶላቸው፣ በድኽነት ለመኖርና ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተሳሉ። ይህ ባይሳካላቸው ግን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፊት ቀርበው እርሳቸው ወደሚልኳቸው ሁሉ እንደሚሄዱ ጨመሩበት። የቀድሞው መከልከል ያስተማረውን ነገር በዚህ እናያለን።

በሮም የተገኘው ኢየሩሳሌም

በ1537 በቬኒስ ክህነት ተቀበለ። በዚያ ዓመት ግን በቬኒስና በቱርኮች መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ ወደ ቅድስት አገር የሚሄድ መርከብ አልተገኘም፤ በሩ ዳግመኛ ተዘጋ። ወደ ሮም ሲጓዝ ላ ስቶርታ በምትባል ስፍራ በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሲጸልይ እግዚአብሔር አብ መስቀሉን ከተሸከመው ከልጁ ጋር እንዳኖረው በልቡ ተረዳ። የመጀመሪያ ቅዳሴውን ከአንድ ዓመት በላይ አዘግይቶ በ1538 በልደት ሌሊት፣ የጌታችን ግርግም በሚከበርበት በሮም በቅድስት ማርያም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ቀደሰ። ቤተ ልሔም መሄድ ባይችልም ቤተ ልሔም ወደ እርሱ መጣች ማለት ይቻላል።

ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 3ኛ በመስከረም 27 ቀን 1540 የኢየሱስን ማኅበር አጸደቁ። በ1541 ጓደኞቹ አለቃቸው እንዲሆን መረጡት፤ እምቢ ቢልም ደግመው መረጡት፤ ንስሐ አባቱ እንዲቀበል ከነገሩት በኋላ ታዘዘ። ከሹመቱ በኋላ ካደረጋቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ከአርባ ቀናት በላይ ለሕፃናትና ለተራው ሕዝብ ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ነበር፤ የጣልያንኛ ንግግሩ ስሕተት የበዛበት ቢሆንም አላፈረበትም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ አገልግሎታችሁን የሚያቃልል ሰው ቢገጥማችሁ ይህንን አስታውሱ።

ከዚህ በኋላ ያ መንገደኛ አሥራ አምስት ዓመት በሮም በጥቂት ክፍሎች ውስጥ ተቀምጦ ወደ 7,000 የሚጠጉ ደብዳቤዎች ጻፈ፤ አስጻፈም። ዛቪየር ወደ ህንድና ወደ ጃፓን ሲሄድ እርሱ ግን ቀረ። ከልቡ ከተመኛቸው አገሮች አንዷ የእኛይቱ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ሌላ የሚሄድ ካልተገኘ ራሱ ለመሄድ ፈቃደኛ መሆኑን ለፖርቱጋል ንጉሥ ገልጾ ነበር። በዚያን ዘመን በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። ኢግናጥዮስ በ1555 ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለተላኩትም አባቶች በኃይል ሳይሆን በገርነትና በትዕግሥት እንዲሠሩ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እንዲያስቡ መከራቸው። ከእርሱ ዕረፍት በኋላ ይህ ምክር ሁልጊዜ አልተጠበቀም፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የፈሰሰው ደምና በ1632 የሆነው መለያየት ዛሬም ያሳዝነናል። መልካም ዓላማ መልካም መንገድ ካልተከተለ ምን እንደሚያደርስ ያስተምረናል።

በሐምሌ 1556 ሕመሙ ጸናበት። በ30ኛው ቀን ጸሐፊውን ጠርቶ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ቡራኬ እንዲለምንለት ጠየቀው። ጸሐፊው ወደ ስፔን የሚላኩ ደብዳቤዎች ስለ ነበሩበት ነገ ቢሆንስ አለው፤ ኢግናጥዮስም ዛሬ ቢሆን እንደሚወድ ገልጦ፣ ሆኖም እንደ ወደድህ አድርግ ብሎ ተወለት። በማግስቱ ማለዳ፣ ቡራኬው ሳይደርስለት፣ ልጆቹም በዙሪያው ሳይሰበሰቡ በጸጥታ ዐረፈ። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ ወደ 1,000 የሚጠጉ አባላት ነበሩት። በ1622 ከፍራንቸስኮስ ዛቪየር ጋር ቅድስናው ታወጀ።

ከሕይወቱ የምንማረው

አንደኛ፣ ዓላማችንን የምናገኘው ልባችንን በማስተዋል ነው። ማታ ከመተኛታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብለን፣ በዕለቱ ሰላም ትቶልን የሄደው የትኛው ሐሳብና ሥራ እንደሆነ፣ ባዶ ያስቀረንም የትኛው እንደሆነ እንጠይቅ። ይህን ልማድ መምህራን ለወጣቶቻቸው ሊያስተምሩት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ጊዜው አልፎብኛል ማለት ተገቢ አይደለም። በ30 ዓመቱ ተመለሰ፤ በ33 ዓመቱ ከሕፃናት ጋር ተማረ፤ ማኅበሩ ሲጸድቅ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ሦስተኛ፣ በር ሲዘጋ ዓላማው አልተዘጋም። እኛ ኢየሩሳሌምን እንመኛለን፤ እግዚአብሔር ደግሞ ከልጆች ጋር የምንቀመጥበትን ወንበር፣ ደብዳቤ የምንጽፍበትን ጠረጴዛ፣ የምናስታምመውን ሽማግሌ ይሰጠናል። ኢግናጥዮስ የጌታውን የእግር አሻራ ፍለጋ ሰንጢውንና መቀሱን ሰጠ፤ አሻራውን አጥብቆ የተከተለው ግን በሮም፣ ባልመረጠው ሥራ ነበር።

በሐምሌ 31 ቀን በዓሉን ስናከብር፣ ለምን እንደተፈጠሩ ግራ የገባቸውን ወጣቶቻችንን፣ መንገዳቸው የተዘጋባቸውንም ሁሉ በጸሎታችን እናስባቸው። ልባችንን አንብበን ፈቃዱን እናውቅ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን፤ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ጸሎትና አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።